በሙቀትና በብርድ ስፖርት ሲሠሩ ምግብን እንዴት መመጠን ይቻላል

ከስፖርት በኋላ የሚመጣው ረሃብ ያወጡትን ጉልበት ብቻ አይከተልም። የአየሩ ወይም የውሃው ሙቀትም ድርሻ አለው። ብርድ ውስጥ የሠራ ሰው ካቃጠለው በላይ ሊርበው ይችላል፤ ሙቀት ውስጥ የሠራ ሰው ደግሞ ምግብ እያስፈለገው ምግቡ ያስጠላዋል። ስለዚህ መጠኑን ለሆድ ብቻ አይተዉ።

1. የሠሩበትን ቦታ ሙቀት ይለኩ። ርካሽ ቴርሞሜትር ይበቃል፤ የስልክ ትንበያ ግን የዝግ አዳራሽን ወይም የገንዳን ሙቀት አይነግርም። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ለሯጭ ምቹ ነው፤ 20 ዲግሪ ውሃ ግን ይበርዳል፤ ውሃ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ነውና።

2. ከመጀመርዎ በፊትና እንደጨረሱ ይመዘኑ። ሽንት ቤት ደርሰው፣ ላብዎን አድርቀው፣ በቀላል ልብስ። የጎደለው 1 ኪሎ ወደ 1 ሊትር ፈሳሽ ነው፤ ያላቡትን ጠቅላላ መጠን ለማወቅ በመሀል የጠጡትንም ይደምሩበት። ይህ ስብ አይደለም፤ «ቀነስኩ» ብሎ ምግብ መዝለል ስህተት ነው። ክብደትዎ ከጨመረ ደግሞ ከሚገባው በላይ ጠጥተዋል፤ ይህም የደም ሶዲየምን አሳንሶ ለአደጋ ይዳርጋል።

3. ምግቡን ከመውጣትዎ በፊት መጥነው ያስቀምጡ። ከአንድ ሰዓት ጠንካራ ሥራ በኋላ ለ70 ኪሎ ሰው 20 ግራም ፕሮቲንና 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ጥሩ መነሻ ነው። 600 ሚሊ ሊትር ወተትና ሁለት መካከለኛ ሙዝ ለዚህ የቀረበ ነው። ለቀላል የእግር ጉዞ የተለመደው ማዕድ በቂ ነው።

የልብ ምት የሚለካ የእጅ ሰዓት በሚያሳየው የካሎሪ ቁጥር ምግብ አይመጥኑ። በሙቀት ጊዜ ልብ ደምን ወደ ቆዳ ለመግፋት በፍጥነት ይመታል፤ ሰዓቱ ይህን እንደ ተጨማሪ ሥራ ቆጥሮ ቁጥሩን ያጋንናል። በብርድ ደግሞ የቆዳ ደም ሥሮች ስለሚጠቡ የእጅ ላይ ዳሳሹ ምቱን በትክክል አያነብም።

4. ሙቀት ውስጥ ከሠሩ መጀመሪያ ሰውነትዎን ያቀዝቅዙ፣ ቀጥሎ ይጠጡ፣ ከዚያ ይብሉ። ጠንካራ እንቅስቃሴ ግሬሊን የተባለውን ረሃብ ቀስቃሽ ሆርሞን ለጊዜው ይቀንሳል። ሙቀት ሲታከልበት ደም ከአንጀት ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ደረቅና ቅባት የበዛበት ምግብ ያቅለሸልሻል። ጥላ ውስጥ ይቀመጡ፣ አንገትዎንና ክንድዎን በእርጥብ ጨርቅ ያብርዱ። በሚዛኑ ለጎደለው 1 ኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ሊትር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀስ እያሉ ይጠጡ። ባዶ ውሃ በአንዴ መገልበጥ ሆድ ይነፋል፣ ብዙውም በሽንት ይወጣል፤ ጨው ያለበት ምግብ አብሮ ሲኖር ግን ሰውነት ውሃውን ይይዘዋል። ማኘክ ካስጠላዎት ቀዝቃዛ ወተት ወይም እርጎ ይቀላል። ጨርሶ ሳይበሉ መዋል አያዋጣም፤ ፍላጎቱ ማታ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ተጠራቅሞ ይመጣል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ምግብ አያዘግዩ፤ ሙቀት መድኃኒቱ ከተወጋበት ቦታ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይጨምራል።

5. ብርድ ውስጥ ከሠሩ ይሙቁ፣ ከዚያ ወደ ምግቡ ይሂዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰዎችን በውሃ ውስጥ ለ45 ደቂቃ ብስክሌት እንዲነዱ አደረገ፤ አንዴ በ33፣ አንዴ በ20 ዲግሪ። ያቃጠሉት ጉልበት ተቀራራቢ ነበር። ከቀዝቃዛው ውሃ በኋላ ግን ከሌላው ቀን 44 በመቶ የበለጠ ካሎሪ በሉ፤ ልዩነቱ ወደ 270 ኪሎ ካሎሪ ነው። በዋና ክብደት ለመቀነስ የሚደክም ሰው ልፋቱ የሚባክነው ከገንዳው ወጥቶ በሚበላበት በዚያ አንድ ሰዓት ነው።

ከውሃ እንደወጡ ወዲያው ይድረቁ፣ እርጥቡን ልብስ ይለውጡ፣ ራስዎን ይሸፍኑ። ትኩስ ነገር ይጠጡ፤ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ቀጭን ሾርባ። ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁና ያስቀመጡትን ይብሉ። መጠበቁ ምክንያት አለው፤ ከቀዝቃዛ ውሃ ከወጡ በኋላ የውስጥ ሙቀት ለተወሰኑ ደቂቃዎች መውረዱን ስለሚቀጥል፣ ልብስ እየለበሱ የሚሰማዎት ረሃብ ሙቀት ፍለጋም አለበት። በጣም በርዶዎት ከሆነ በቀጥታ ሙቅ ሻወር ውስጥ አይግቡ፤ የደም ግፊት ወርዶ ሊያዞርዎት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። የሚያንቀጠቅጥ ብርድ ራሱ ጉልበት ይበላል፤ ጡንቻ የሚንቀጠቀጠው ካርቦሃይድሬት እያቃጠለ ነው። ከተንቀጠቀጡ መጠበቁን ይተዉና ጣፋጭ ትኩስ መጠጥ ወዲያው ይውሰዱ። መንቀጥቀጡ ካላቆመ፣ ወይም ንግግርዎ ከተንተባተበ ጉዳዩ የምግብ አይደለም፤ ፈጥነው የሕክምና እርዳታ ይጠይቁ።

6. የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ መለኪያውን እንደገና ይውሰዱ። ሰውነት አዲስ ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፤ የላብዎ መጠንም ይለወጣል። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር ለሦስተኛው አያገለግልም።