ለኤግዚቢሽን የምታሳትሙትን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ

ፖርትሬት የምታነሱ ልጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ስለተቃጠልኩበት ነው። ፎቶግራፊ ተማሪ ነኝ፣ ለክላሳችን ኤግዚቢሽን እዚሁ ደሴ ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት በራቸው ላይ ተቀምጠው አንስቻቸው ነበር (መጀመሪያ "ቆይ ልጄ ነጠላዬን ልቀይር" ብለው ግማሽ ሰዓት አስጠበቁኝ፣ ግን ዋጋ ነበረው) እና ፎቶውን ለማተሚያ ቤቱ ዝም ብዬ በቴሌግራም ላኩት። በኤ3 ወረቀት (የኤ4 እጥፍ) ታትሞ ሲመጣ ፊታቸው ድብዝዝ!

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልኩት ያሳንሰዋል፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ጎን 1280 ፒክስል ይሆናል፣ ይሄ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም) 11 ሴንቲሜትር እንኳን አይሞላም። ለኤ3 ደግሞ 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። ስለዚህ "ፋይል" የሚለውን መርጣችሁ ላኩ፣ ወይ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ በቃ።

ሌላው ነጠላ ነው። ነጩ ልብስ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊት ይጠቁራል፣ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን) ወደ +1 ከፍ አድርጉት፣ ጥለቱ ላይ ያለው ዝርዝር እንዳይጠፋ ግን እያያችሁ። የቀትር ፀሐይ ላይም አታቁሟቸው፣ ከበሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ጥላው ጋ አስቀምጧቸውና ፊታቸውን ወደ ውጪ አዙሩት። ነጠላው ራሱ ከስር ብርሃን ይመልሳል፣ ሪፍሌክተር መግዛት ምን ያደርጋል።

አዎ ደግሞ አንድ ኮፒ አሳትማችሁ ስጧቸው እንጂ፣ እኔን እስካሁን "ፎቶዬስ?" ይሉኛል 😅