ትንንሽ ልጆችን በሰዓታቸው መተኛት እንዴት እናስለምዳለን?

ደሴ ላይ ፀሐይ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ከገባች በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ቡናው ይቆላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ትንሹ ልጅ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ሲዘል ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በድንገት «በል ተኛ!» ይባላል። ልጁ ያለቅሳል፣ እናት ትቆጣለች፣ አያት ደግሞ «ተይው፣ ሲደክመው ይተኛል» ይላሉ። የእኔም ልጅ እስከ 3 ዓመት ተኩሏ ድረስ የምታመሸው እንዲሁ ነበር። ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ታንቀላፋለች። አንጀቴን የበላኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የገባኝ ነገር ቢኖር ልጅ ሰዓት ባያውቅም ተራ ያውቃል። ከእራት ቀጥሎ እግር መታጠብ፣ ከእሱ ቀጥሎ ተረት፣ ከተረት ቀጥሎ መብራት ማጥፋት እንደሚመጣ ከለመደ፣ ገና ሳፋውን ሲያይ ሰውነቱ ለእንቅልፍ መዘጋጀት ይጀምራል።

1. ሰዓቱን ከጠዋት ወደ ኋላ ቁጠሩ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ መሠረት የ1 እና የ2 ዓመት ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት ያስፈልጋቸዋል። የቀኑም እንቅልፍ እዚህ ውስጥ ይቆጠራል። እንግዲህ ልጃችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትነሳና ቀን የማትተኛ ከሆነ፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትተኛ 10 ሰዓት ተኩል አገኘች ማለት ነው።

ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛት የለመደን ልጅ በአንድ ማታ ወደ 2 ሰዓት ተኩል መመለስ አይቻልም። በየ3 ቀኑ 15 ደቂቃ ቀደም እያደረጋችሁ ብትሄዱ በሦስት ሳምንት ገደማ ትደርሳላችሁ። ጠዋትም በሰዓቱ ቀስቅሱት፤ እስከ 3 ሰዓት የተኛ ልጅ ማታ ቢያስቸግር አይፈረድበትም። ቀን የሚተኛም ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት ይነሳ።

2. የቤቱን ሰው አስማሙ፣ ቡናውንም አስቡበት

ከሁሉ የሚከብደው ይኼ ነው። እናት ስታስተኛ አባት ከሥራ ገብቶ ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ የሚያጫውት ከሆነ፣ አያትም ሲያለቅስ አንስተው የሚወስዱት ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ስለዚህ ልጁ በሌለበት፣ በቀን፣ ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። አያትን «አይሆንም» ከማለት ሥራ መስጠት ይሻላል፤ ተረቱ የእሳቸው ይሁን።

የማታ ቡናችንን ተዉ አልልም። ወሎ ላይ ቡና መጠራራትና መመራረቅም ነውና። ግን ልጅ አይጠጣ። «በረካ እኮ ቀጭን ናት» ተብሎ ለልጅ በሲኒ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሦስተኛውም ስኒ ቢሆን እንቅልፍ የሚያባርረው ካፌይን አለበት፤ ሰውነት ውስጥም ለሰዓታት ይቆያል።

ቡናውን ወደ 11 ሰዓት ማምጣት ከቻላችሁ መልካም። ካልሆነ ልጁን ከአቦል በኋላ በክብር አሰናብቱት። እኛ ቤት ልጄ የቆሎውን ሳህን በሁለት እጇ ይዛ ለእንግዶቹ አንድ በአንድ ታዞራለች። አንዷ ጎረቤታችን «አላህ ያሳድግሽ» ትላታለች፣ ሌላዋ «እግዜር ያሳድግሽ፣ እደጊ ተመንደጊ» ትላታለች። የመጨረሻዋ መርቃ ስትጨርስ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ወደ ሳፋዋ ትሄዳለች። መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። አሁን ምርቃቱን ካልሰማች አትተኛም።

3. ተራውን ጠብቁ

እራት ከመኝታው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ያልቃል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ለማታ አይሆንም፤ አልጫ፣ ገንፎ ወይም አጥሚት ይሻላል። ከመኝታ አንድ ሰዓት በፊት ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፣ ስልኩም ከእጁ ይወሰዳል። የስክሪን ብርሃን፣ ሲመሽ አንጎል የሚያመነጨውንና እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ያዘገያል።

ቀጥሎ በሳፋ ለብ ያለ ውሃ እግር ማጠብ። በደሴ ብርድ ሙሉ ገላ በየማታው ማጠብ አያስፈልግም፤ እግር ይበቃል። እግር ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የሰውነት የውስጥ ሙቀት ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ያኔ እንቅልፍ ይመጣል። ከዚያ ጥርስ፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ያህል ይበቃል። ጡጦ በአፉ ይዞ እንዲተኛ አትፍቀዱ፣ ጥርሱን ይበላዋል። ሽንት ይሽና፣ ውሃም ይጠጣ፤ ይኼ አስቀድሞ ካልተደረገ አልጋ ከገባ በኋላ «ጠማኝ» ይመጣል።

4. ተረቱ

በዝግታ፣ ድምፅ ዝቅ አድርጎ፣ ቢቻል ለሳምንት ያንኑ ተረት። አዋቂን ይሰለቸዋል፣ ልጅ ግን የሚያውቀውን ሲሰማ ነው የሚረጋጋው። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ሲባል መብራቱ ይጠፋል፤ ሌላ ተረት የለም።

አደራ የምለው፣ «ተኛ፣ ጅብ መጣልህ» አትበሉ። በእኛ አገር ጅቡ ማታ ማታ በእውነት ይጮሃል። የተነገረውን ያመነ ልጅ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን አፍጥጦ ያድራል። አያ ጅቦ በተረቱ ውስጥ ይኑር፣ ሞኝነቱም ይነገር፤ ማስፈራሪያ ግን አይሁን።

5. መኝታው

ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። አልጋውን በመጋረጃ ጋርዱ፣ ትልቁን አምፖል አጥፍታችሁ በትንሹ አምሹ፣ ድምፅ ቀንሱ። ለብርዱ ብርድ ልብስና ጋቢ ይጨመር እንጂ የከሰል ምድጃ ወደሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይግባ፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ተኝቶ ሳለ ይገድላል። ኮምቦልቻ፣ ባቲና ቆቦ አካባቢ ያላችሁ አጎበሩን ፍራሹ ሥር ወትፉት። ዓመት ያልሞላው ሕፃን በጀርባው ይተኛ፤ ጋቢ ፊቱ ላይ አይድረስ።

6. ሲነሳና ሲያለቅስ

ይነሳል። አትቆጡ፣ ወሬም አትጀምሩ። እጁን ይዛችሁ «አሁን የመኝታ ሰዓት ነው» ብላችሁ መልሱት፤ አሥር ጊዜ ቢነሳ አሥር ጊዜ በዚያው ቃል። ብቻውን መሆን ከፈራ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በየጥቂት ቀኑ ወንበሩን ትንሽ ትንሽ ወደ በሩ አርቁት። የእኔ ልጅ ዘጠኝ ማታ ፈጅታብኛለች፤ አምስተኛው ማታ ከመጀመሪያው የባሰ ነበርና በዚያ ተስፋ ቆርጣችሁ እንዳትተዉት። ሁልጊዜ ጮክ ብሎ የሚያንኮራፋ ወይም ተኝቶ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚል ልጅ ግን በልማድ አይስተካከልም፣ ሐኪም ይየው።

መብራት በጠፋ ማታ በሻማ ያንኑ ተራ ሂዱበት። ሮመዳን ላይ ከአፍጥር በኋላ ቤቱ ይሞቃል፣ ለገናና ለፋሲካም ዋዜማ እንዲሁ፤ ሰዓቱ ቢገፋ ግድ የለም፣ እግር ማጠቡና ተረቱ ግን አይዘለሉ። በዓሉ እንዳለፈ በማግስቱ ማታ ሳፋው በቦታው ይቀመጥ።