ፍጻሜው አላረካኝም ለምትሉ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ለሚሰበሰቡ ወጣት አንባቢዎች መጽሐፍ አውሳለሁ። ከሁሉም በላይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የሮበርት ጆርዳን የምናብ ልብ ወለድ «ዘ ዊል ኦቭ ታይም» ነው፤ እኛ የጊዜ መንኮራኩር እንለዋለን። 14 ቅጽ ነው። የመጀመሪያው በ1990፣ የመጨረሻው «ኤ ሜሞሪ ኦቭ ላይት» ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሥራ አራተኛውን ጨርሶ የሚመልስልኝ ሰው ደስታም ቅሬታም ፊቱ ላይ አለ። አፉን ሲከፍት ግን ብዙውን ጊዜ የምሰማው ያንኑ የማውቀውን ስህተት ነው። ታሪኩን ያልጨረሳችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ማን እንደሚሞት እናገራለሁ።

መካከለኛዎቹን ቅጾች ዘልላችሁ ወደ መጨረሻው አትሂዱ። ከ8 እስከ 10 ያሉት ቀስ ይላሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ተዋጊው ላን ከጠላት ጦር መሪው ከዴማንድረድ ጋር ሲገጥም ትንፋሻችንን የያዝነው አገሩን በሕፃንነቱ ያጣውን ይህን ሰው ለዓመታት ስለተከተልነው ነው።

በአንድ ትንፋሽም አትጨርሱት። የመጨረሻው ቅጽ 37ኛ ምዕራፍ ብቻውን ወደ 200 ገጽ ይጠጋል፤ ከዳር እስከ ዳር ጦርነት ነው። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም፤ ኤግዌን የምትሞትበት ገጽ ላይ ስደርስ ነግቷል። ዐይኔ ፊደሉን ይከተላል፣ ልቤ ግን ደንዝዟል። ከትንሽ መንደር ወጥታ የነጩ ግንብ፣ ማለትም የአስማተኛ ሴቶቹ ማኅበር፣ መሪ የሆነች፣ በምርኮ በሰንሰለት ታስራ ያልተሰበረች ልጅ ከአቅሟ በላይ ኃይል ስባ ስትሞት እንደ ማንኛውም አንቀጽ አልፌያት ሄድኩ። ከዚያም ለሰው ሁሉ «የኤግዌን አሟሟት ቀዝቃዛ ነው» አልኩ። ያለቀስኩት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ምዕራፉን ለአምስት ቀን ከፋፍዬ ሳነበው ነው። ለዚያች ሁለት ዓመት ይቅርታ የምጠይቃት ያህል ይሰማኛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጆርዳን በመስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ሥራው አላለቀም ነበር። ባለቤቱም አርታኢውም የነበረችው ሃሪየት ማክዱጋል እንዲጨርሰው ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰንን መረጠች። ጆርዳን አንድ ቅጽ ይሆናል ያለው ማጠቃለያ በሳንደርሰን እጅ ሦስት ቅጽ ሆነ። ይህን የሰማ አንባቢ ወዲያውኑ ዳኛ ይሆናል፤ ልቡን የነካው ገጽ ሁሉ የጆርዳን፣ ያናደደው ሁሉ የሳንደርሰን! ማስረጃ የለውም። ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ «ይኸው፣ ይሄ የእሱ አይደለም» ይለኛል። ሳንደርሰን የጆርዳንን አጻጻፍ ለመኮረጅ እንዳልሞከረ ገና ከጅምሩ ተናግሯል። ስለዚህ የዐረፍተ ነገሩ ምት መለየቱ እውነት ነው፤ ታሪኩ ወዴት እንደሄደ የወሰነው ማን እንደሆነ ግን ምቱ አይነግራችሁም። ሟቹን እናከብራለን ብላችሁ የሞተውን ሰው ውሳኔ ትሰርዛላችሁ፣ የሌላውንም ሰው የዓመታት ድካም ትረግጣላችሁ። እባካችሁ ተዉ!

እንዲህ የምቆጣው ራሴም ስላደረግሁት ነው። በመዝጊያው ላይ የዋናው ጀግና የራንድ ገላ ከጠላቱ ገላ ጋር ይቀያየራል። የቀድሞ ገላው በእሳት ሲነድ እሱ በሌላ ሰው መልክ፣ ፒፓውን በሐሳብ ብቻ ለኩሶ፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ ይሄዳል። የሚያፈቅሩት ሦስቱ ሴቶች ያውቃሉ። ለአባቱ ለታም ግን አይነግረውም። ታም በበረዶ ላይ የተወለደውን የሌላ ሰው ልጅ አንስቶ ያሳደገ፣ በዚሁ ቅጽ እንኳን በአንድ እጁ እንዴት እንደሚዋጋ ያስተማረው አባት ነው። መርዶ ምን እንደሆነ፣ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በሕይወት ያለ ልጅ አባቱን ለራሱ ለቅሶ ያስቀምጣል? «ጆርዳን ቢኖር ይህን አይጽፍም ነበር» እያልኩ ለዓመታት ለልጆቹ ነገርኳቸው። ኋላ ላይ ግን የመዝጊያው ክፍል አብዛኛው ጆርዳን ራሱ ከመሞቱ በፊት የጻፈው መሆኑን ሳንደርሰን መግለጹን አነበብኩ፤ ፒፓውም የጆርዳን ነው። ጆርዳንም የመጨረሻውን ትዕይንት ገና የመጀመሪያውን ቅጽ ሳይጀምር እንደሚያውቀው ይናገር ነበር። ቁጣዬ አልበረደም። አሁን ግን ከማን ጋር እንደምከራከር አውቃለሁ።

ስለምትወዱት ብቻ ሁሉን ይቅር አትበሉ። ክፉው ፓዳን ፌይን ከመጀመሪያው ቅጽ ጀምሮ ሲያሳድደን የኖረ ነው፤ የራንድ ጓደኛ ማት በጥቂት አንቀጽ ይገድለዋል፣ አለቀ። ራንድን ከመንደሩ ያወጣችውን አስማተኛዋን ሞይሬንን ስንት ቅጽ ጠብቀን ስትመለስ የምትናገረው ጥቂት ነው። ይህ ችኮላ ነው፣ ስሙም ችኮላ ነው። ሳንደርሰን ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ቅጽ ማትን በትክክል እንዳልሳለው አምኗል። ደራሲው ያመነውን ጉድለት አንባቢ የሚሸፍንበት ምክንያት አይታየኝም።

ያልተዘጋ በር ሁሉ ግን የተረሳ አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጡት ሾንቻኖች አስማተኛ ሴቶችን በሰንሰለት እንዳሰሩ መቅረታቸው ብዙዎችን ያበሳጫል፤ እኔንም። ጆርዳን ስለ ማትና ስለ ሚስቱ፣ ስለ ሾንቻኗ ንግሥት ቱዎን፣ ሌላ ታሪክ ሊጽፍ አቅዶ ነበር፣ ዕድሜው አልበቃም። የመጀመሪያው ቅጽ ሲከፈት ለመንኮራኩሩ ዙረት መጀመሪያ እንደሌለው ይነግረናል፤ የመጨረሻውም ሲዘጋ መጨረሻ እንደሌለው። በልጅነታችን «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው ሲጨርሱልን ቀበሮዋ በማግስቱ የት እንደዋለች አይነግሩንም ነበር። የቀረውን ተኝተን እንጨርሰው ነበር።

«ወደድሽው ወይስ ጠላሽው?» ብዬ መጠየቅም ትቻለሁ። ሁለቱም ስሜት አንድ ሰው ውስጥ ይኖራል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ አንዱን ያስጥለዋል። አሁን የምጠይቀው የትኛው ገጽ ላይ መጽሐፉን ከድና እንደተቀመጠች ነው። አንዷ በቅርቡ የራንድ ገላ የሚነድበት ገጽ ላይ አለችኝ። «ታም አሳዘነኝ፤ ግን ራንድን የሚፈልገው ሰው የጠፋው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ እሱን ልከለክለው አልቻልኩም» አለች። መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ቅጽ ከመደርደሪያው አውርጄ፣ ራንድ የቆሰለውንና በትኩሳት የሚቃዠውን አባቱን በሌሊት በጫካ ውስጥ እየጎተተ ወደ መንደር የሚያደርስበትን ምዕራፍ አነበብኩላት። እስኪመሽ ተከራከርን።