ሁሉም የሚሯሯጥለት ዕቃ አለ፣ ታሪኩ ግን አልነሳ አለ፦ የማክጋፊን ችግርና መፍትሄው

ስክሪፕት አንብብልኝ የሚለኝ ሰው በዝቶ ለሁሉም ያንኑ ከምደጋግም ብዬ ነው ይሄን የምጽፈው። ዋናው ገፀ ባህሪህ ማን እንደሆነና ማን እንደሚጋፋው ገና ካልለየህ መጀመሪያ እሱን ጨርሰህ ና፣ እዚህ አላወራውም። የማወራው ስለ ማክጋፊን ነው፣ ማለትም ሻንጣው፣ ኑዛዜው፣ ፍላሹ፣ ብቻ ሰው ሁሉ የሚራኮትበት ነገር። ቃሉን ያስለመደው የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲናገር በሌባ ፊልም ሁሌም ማለት ይቻላል ሀብል ነው፣ በሰላይ ፊልም ደግሞ ወረቀት ነው ብሎ ነበር።

ምልክት፦ ተመልካቹ "ሌላ አያመጣም እንዴ?" ይላል

ምክንያቱ ዕቃው ምትክ ስላለው ነው። አንድ ልጅ የሟች አባታቸው የቤት ካርታ ጠፍቶባቸው ሦስት ወንድማማቾች እርስ በርስ የሚጣሉበት ስክሪፕት አመጣልኝ፣ ጮክ ብዬ ሳነብ እናቴ ቡና እየቆላች ትሰማ ነበር፣ ሃያኛው ገጽ ላይ "ጋዜጣ ላይ አስነግረው ምትክ አያወጡም?" አለች። አለቀ፣ ፊልሙ እዛው ሞተ። የብስክሌት ሌቦች የሚለውን ፊልም (1948) እይ፣ ሰውየው ያለ ብስክሌት ፖስተር የመለጠፍ ስራውን አያገኝም፣ ብስክሌቷን ከመያዣ ያወጧት ደግሞ አንሶላቸውን በምትኩ አስይዘው ነው። ስለዚህ ስትሰረቅ ሌላ ይግዛ የሚል ተመልካች የለም። መፍትሄው ይሄው ነው፣ የምትኩን በር መጀመሪያ አስር ደቂቃ ውስጥ ዝጋው።

ምልክት፦ ግማሽ ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል

እኔን ያሰለቸኝ ይሄኛው ነው። ምክንያቱ ዘጠኝ ጊዜ ከአስር አንድ ነው፣ ጸሐፊው ዕቃውን ሲያብራራ ሰዎቹን ረስቷል። አንዱ ያመጣልኝ ፍላሽ ነበር፣ ውስጡ የሙስና ማስረጃ አለ፣ እሺ፣ ግን አስራ ሁለት ገጽ ሙሉ ሁለት ሰዎች ካፌ ቁጭ ብለው ስለ አካውንቱ፣ ስለ ድርጅቱ፣ ስለ ፊርማው ያወራሉ፣ ማኪያቶው እንኳን ቀዝቅዟል። "ተመልካቾቹ ይሄን ካላወቁ እንዴት ይገባቸዋል?" አለኝ። አይገባቸውም ወንድሜ፣ አይጠበቅባቸውምም!

የሂችኮክን ፊልም ኖቶሪየስን (1946) ቁጭ ብለህ እይ። ወይን ጠርሙስ ውስጥ የተደበቀው ዩራኒየም ነው፣ ሂችኮክ ራሱ አልማዝ ቢሆንም ያው ነበር ብሏል። የሚያስጨንቅህ ዩራኒየሙ አይደለም። ሴትዮዋ የምድር ቤቱን ቁልፍ ከባሏ ሰርቃ በእጇ ጨብጣለች፣ እሱ መጥቶ እጇን ይዞ አንዱን ይስማል፣ ወደ ሌላኛው ሲሄድ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ቁልፉን ትጥለውና በእግሯ ታሸሸዋለች። ከዛ ግብዣው ላይ ሻምፓኙ እያለቀ ነው፣ ካለቀ ደግሞ ወደ ምድር ቤት ሊወረድ ነው። ሰዓት ቆጣሪው ሻምፓኙ ነው። ባሏን እንድትሰልል የላካት ሰው ደግሞ የምትወደው ሰው ነው፣ ቁስሉ እሱ ጋ ነው።

መፍትሄ፦ አስራ ሁለቱን ገጽ ቁረጥና ሁለት መስመር አድርገው። ከዛ ዕቃውን ቢያንስ ሁለት ሰው በተለያየ ምክንያት ይፈልገው፣ አንዱ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይሁን። የዛን ልጅ ፍላሽ እንዲህ አደረግነው፦ እህትየው የበርበሬ ጣሳ ውስጥ ደበቀችው፣ ድንገት ፍላሹን የሚፈልገው አጎት እንግዳ ሆኖ ከች አለ፣ እናትየው ምንም አታውቅም፣ ቁሌቱን ጥዳ እያማሰለች "በርበሬውን አቀብይኝ" ትላለች። ቁሌቱ ሊያር ነው፣ ልጅቷ አትንቀሳቀስም፣ አጎትየው ያያታል። ስለ አካውንት አንድ ቃል የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሻንጣ ሙሉ ዶላር አታምጣብኝ፣ ከሌላ ፊልም የተፈታ ያገለገለ መለዋወጫ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ "ፐልፕ ፊክሽን (1994) ሻንጣው ውስጥ ያለውን አላሳየም" ብለህ አትከራከረኝ። እዛ ሻንጣውን የተሸከሙት ሰዎች ራሳቸው ይበቃሉ፣ ያንተዎቹ ሲያወሩ እንቅልፍ ያመጣሉ።

አሁንም ማስጠንቀቂያ፦ ያልያዘውን ሲን በሙዚቃ አትሸፍን። ይሰማል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

መጨረሻ ላይ ከውጭ የመጣ ሀብታም ዘመድ ሁሉን ከፈታው፣ ዘመዱን ሰርዝና ጀምር። ሁለት ማክጋፊን ካለህ አንዱን ጣል።

ዕቃው መሀል ላይ ተረስቶ ከቀረ ደግሞ ሁሌ ጥፋት አይደለም። የሂችኮክ ሳይኮ (1960) ላይ ሴትዮዋ የሰረቀችው 40,000 ዶላር በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ከመኪናው ጋር ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል፣ መኪናውን የሚያሰምጠው ልጅ ብሩ መኖሩን እንኳን አያውቅም፣ እኛ ግን እናያለን፣ በዛን ሰዓት ደግሞ ከብሩ የባሰ ነገር ይዞናል። ያንተ ኑዛዜ ግን የጠፋው አራተኛው ድራፍት ላይ ስለረሳኸው ከሆነ፣ ተመለስና የት እንደጣልከው ፈልግ።