ልጃችሁ ጠዋት አልነሳ ካለ ከማታው አትጀምሩ

የ15 ዓመት ልጅ ሦስቴ ተጠርቶ፣ ብርድ ልብሱ ተገፎ፣ መብራት በርቶበት አሁንም ካልተነሳ ብዙ ቤት ፍርዱ ያው ነው፦ ሰነፍ። ማታ ስልክ ላይ አፍጦ አመሸ፣ አለቀ። ስልኩ ጥፋት የለበትም አልልም፣ እመለስበታለሁ። ግን ስልኩን ብትነጥቋቸውም ብዙዎቹ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ነው የሚያመሹት።

ጉርምስና ሲመጣ የሰውነት ሰዓት ይዘገያል። ሜላቶኒን የሚባለው፣ ለሰውነት «መሽቷል» ብሎ የሚነግረው ሆርሞን፣ በልጅነት ይመጣበት ከነበረው ጊዜ እስከ ሁለት ሰዓት ሊዘገይ ይችላል። በዚያ ላይ ድካሙ ራሱ ቀስ ብሎ ነው የሚጠራቀመው፤ ስለዚህ ታናሽ እህቱን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ሲሄድ የሱ ዓይን ገና ፍጥጥ ያለ ነው። ብዙ ጎረምሶችን ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። አስሉት እንግዲህ። 5 ሰዓት ላይ ተኝቶ ከንጋቱ 11፡30 የሚነሳ ልጅ ያገኘው ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፣ እሱም ወዲያው ከወሰደው።

መጀመሪያ የልጃችሁን ልክ እወቁ። ትምህርት ሲዘጋ ያለ አላርም ይተኛ፣ ይነሳ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አትቁጠሯቸው፣ ያኔ የከረመ ዕዳ ነው የሚከፍለው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን እውነተኛውን ነገር ያሳያችኋል፦ ስንት ሰዓት ላይ ይወስደዋል፣ ስንት ሰዓት ይተኛል።

አሁን ወደ ጠዋቱ። «ዛሬ በጊዜ ትተኛለህ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፣ እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣምና። የመነሻ ሰዓት ግን በእጃችሁ ነው። የሰውነትን ሰዓት ወደ ቀደመው የሚስበው የጠዋት ብርሃን ሲሆን፣ የማታ ብርሃን ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ እንደተነሳ መጋረጃው ይከፈት፣ ቁርሱን መስኮት አጠገብ ይብላ፣ ከተቻለም ወደ ትምህርት ቤት የተወሰነውን መንገድ በእግሩ ይሂድ። ደመና ቢሆንም ግድ የለም፤ ደመናማ ሰማይ ከቤት አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የመነሻ ሰዓቱን ማስቀደም ካስፈለገ በየሁለት ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ ቀንሱ። በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት መቀነስ ጠብ ብቻ ነው የሚያመጣው።

ቅዳሜና እሁድስ? እዚህ ላይ ጥብቅ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የተነፈገ ልጅ ትንሽ ያካክስ። አንድ ሰዓት ወይ ትንሽ በለጥ ያለ ተጨማሪ ምንም አይልም። እስከ እኩለ ቀን ከሆነ ግን የእሁድ ማታ እንቅልፉ እምቢ ይላል፣ ሰኞም እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ከትምህርት ሲመለስ ማሸለብም ይችላል፣ ከ30 ደቂቃ ካልዘለለና ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ከሆነ።

ካፌይን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከተጠጣው ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ወይም ኢነርጂ ድሪንክ ማታ 3 ሰዓት ላይም ግማሹ አለ ማለት ነው። ከምሳ በኋላ ባይጠጣ ይሻላል።

ስልኩ ደግሞ መኝታ ክፍል አይደር። ቻርጀሩን ሳሎን አድርጉት፣ ለመነሻ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙለት። የእናንተም ስልክ እዚያው ይደር፣ አለበለዚያ ማንም አይሰማችሁም። ቦርሳና ልብስ ማታ ከተዘጋጀ ጠዋት የሚተርፈው 20 ደቂቃ እንቅልፍ ይሆናል። ሲተኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ ወይም በቂ ተኝቶም ቀኑን ሙሉ የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ሐኪም ይየው። የሜላቶኒን ክኒንም ሐኪም ሳታማክሩ አትስጡት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ደወሉ በጣም ማለዳ ከሆነ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የትም አያደርስም። ትምህርት ቤቱን ማናገር ነው። ብቻችሁን አትሂዱ፣ ሌሎች ወላጆችን ይዛችሁ ሂዱ፣ ተማሪዎቹም ራሳቸው ይናገሩ። ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 የመለስተኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት እንዳይጀምሩ መክሯል። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ አላት፤ ከጥቂት የገጠር ትምህርት ቤቶች በቀር ሁለተኛ ደረጃ ከ2፡30፣ መለስተኛ ከ2 ሰዓት በፊት አይጀምርም።

«ዘግይተን ብንጀምር ዘግይተው ነው የሚተኙት» የሚል መልስ አይቀርላችሁም። ለዚህ የአሜሪካዋን የሲያትል ከተማ ጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ሰዓት ከ1፡50 ወደ 2፡45 ተዛወረ። ተመራማሪዎች በተማሪዎች እጅ ላይ መለኪያ አስረው ከለውጡ በፊትና በኋላ ሲያነጻጽሩ፣ እንቅልፋቸው በቀን 34 ደቂቃ ጨምሮ አገኙት። የሚተኙበት ሰዓት ብዙም አልተለወጠም፤ ጠዋት የተሰጣቸውን ጊዜ ተኙበት።

የሚቀጥለው ተቃውሞ አውቶቡስ ነው፣ ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። አንዱ መፍትሔ መቀያየር ነው፦ ትንንሾቹ በተፈጥሯቸው በጊዜ ስለሚነሱ እነሱ ይቅደሙ፣ ትልልቆቹ ይከተሉ። ሲያትልም አብዛኞቹን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስቀድማለች። ወላጅ ከሥራ በፊት ልጁን የሚያደርስ ከሆነ ደግሞ ግቢው ቀደም ብሎ ይከፈት፣ ክፍል ግን ይዘግይ። ሙሉ ለውጥ እምቢ ካሉ በትንሹ ተደራደሩ። ፈተና የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ አይሁን፣ የማለዳ ስፖርት ልምምድ ይቅር፣ ወይም ለአንድ ሴሚስተር ይሞከርና ዘግይቶ የሚመጣና የሚቀር ተማሪ ቁጥር ይታይ። ጥያቄውን ደግሞ የቀጣዩ ዓመት የክፍለ ጊዜ ድልድል ከመውጣቱና የአውቶቡስ ውል ከመፈረሙ ከወራት በፊት አቅርቡ፤ ከዚያ በኋላ የሚሰጣችሁ መልስ «የዘንድሮው አልቋል» ነው።