ከጅማ ለሚሄድ ሰው የውጭ በረራ ትኬት እንዴት ይገዛል? ቦሌንስ እንዴት ይታለፋል?

አክስቴ አሜሪካ ያለችውን ልጇን ልታርሳት ልትሄድ ነበር። ቪዛው ተገኘ። የገንፎው ዱቄት ተፈጨ። ትኬት መግዛት የእኔ ድርሻ ሆነ። ለራሴ ገዝቼ ስለማውቅ ቀላል መሰለኝ፤ አልነበረም። ለራስ ሲሆን ስህተት ቢገኝ ቆሞ የሚያስረዳው የገዛው ሰው ነው። ለሌላ ሰው ሲሆን ግን እኔ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብዬ ስልክ እጠብቃለሁ፣ እሷ ቦሌ ላይ ብቻዋን ትጠየቃለች። ስለዚህ ሥራው ትኬት በመቁረጥ አያልቅም። እናንተ የምታውቁትን ሁሉ በተጓዡ እጅና አፍ ላይ ማድረስ አለባችሁ።

መጀመሪያ ፓስፖርቱ

ስም በስልክ አትቀበሉ። የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩላችሁ። እኔ የአክስቴን አባት ስም እንደሰማሁት ጻፍኩት። «ሙሐመድ» በ«ዩ» ነው በ«ኦ»? በአንድ «ኤም» ነው በሁለት? ፓስፖርቱ ላይ የነበረው እኔ ከጻፍኩት ይለያል። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ስለደረስኩበት ማስተካከያው ቀናት ፈጀ፣ ገንዘብም አስከፈለኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ሌላው ራስ ምታት የትኛው ስም የት ይግባ የሚለው ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የትኬቱ ቅጽ ግን ይጠይቃል። መልሱ ፓስፖርቱ ግርጌ ላይ ባሉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች ውስጥ አለ። የመጀመሪያው መስመር በ«ፒ» ይጀምራል፣ ቀጥሎ የአገራችን ምህጻር፣ ማለትም «ኢ»፣ «ቲ»፣ «ኤች» ይመጣል። ከዚያ የሚከተለው ስም ነው የቤተሰብ ስም ተብሎ የተመዘገበው። ብዙ ጊዜ የአያት ስም ሆኖ ታገኙታላችሁ። የቀስት ራስ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች ካለፉ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው፤ የአባትም ስም አብሮ ሊኖር ይችላል። በዚያው ቅደም ተከተል ሙሉት።

ጅማ ውስጥ እንደ አባ ቡልጉ፣ አባ ጊዲ ያሉ በሁለት ቃል የሚጻፉ ስሞች ብዙ ናቸው። ትኬቱ ላይ ተጣብቀው ቢወጡ አትደንግጡ። መጨረሻው ላይ የወይዘሮ ወይም የአቶ ምህጻር ተለጥፎም ሊመጣ ይችላል። አሠራሩ እንዲያ ነው። ችግሩ ክፍተቱ ላይ አይደለም፤ ፊደል ሲጎድል ወይም ሲለወጥ ነው።

የልደት ቀንን ከሰውየው አፍ አትውሰዱ። አክስቴ «በ55 ነው የተወለድኩት» ትላለች። በእኛ 1955 ማለት በፈረንጁ 1962 ወይም 1963 ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ብቻ ቅዱ። የሚያበቃበትንም ቀን እዩ። ብዙ አገሮች ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው ፓስፖርት ይፈልጋሉ። 4 ወር ከቀረው መጀመሪያ እድሳት፣ ከዚያ ትኬት።

ከጅማ ጀምራችሁ በአንድ ትኬት ግዙ

ይህን ክፍል ብቻ አንብባችሁ ብትሄዱ አልቀየማችሁም።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ከአዲስ አበባ የሚነሳውን የውጭ በረራ ይገዛል። ከጅማ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለውን ደግሞ ለብቻው፣ በሌላ ትኬት። በዋጋ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ግን የጅማው በረራ በጭጋግ ቢዘገይና የውጩ ቢያመልጥ ማን ይጠየቃል? ሁለቱ ትኬቶች አይተዋወቁም። የሁለተኛው በረራ ሰዎች «ተጓዡ አልመጣም» ብለው ይዘጋሉ። መነሻውን ጅማ፣ መድረሻውን የውጭውን ከተማ አድርጋችሁ በአንድ ትኬት ከገዛችሁ ግን በመዘግየት ላመለጠው በረራ ሌላ በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ጣጣ ነው።

ሌላው ጥቅም ሻንጣ ነው። ለውጭ በረራ የተፈቀደው ኪሎ ከጅማ ጀምሮ ይሠራል። ለየብቻ ስትገዙ የአገር ውስጡ መጠን ያንሳልና አባ ጅፋር ላይ ለትርፍ ኪሎ ትከፍላላችሁ። ጅማ ላይ ሻንጣውን ስታስረክቡም የተለጠፈበት ወረቀት እስከ የትኛው ከተማ እንደሆነ ጠይቁ።

በአውቶቡስ የሚሄድ ካለ መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። በጉዞው ዕለት አትላኩት። የጊቤ ቁልቁለት ላይ አንድ ከባድ መኪና ከተበላሸ ቀኑ አለቀ። አንድ ቀን ቀድሞ ይግባና ዘመድ ቤት ይደር።

የሚያርፍበትንም ከተማ ሳታዩ በርካሽነቱ ብቻ አትምረጡ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት ወይም ፓሪስ አውሮፕላን ሲቀይር፣ ከአየር ማረፊያው ባይወጣም እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። እንደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያሉ አገሮች ቪዛ በእጁ ያለው ነፃ ነው። ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ግን ትኬቱ ተከፍሎ፣ ሻንጣው ታስሮ፣ ቼክ ኢን ላይ፣ ማለትም ሻንጣ በሚመዘንበት መስኮት፣ ይመለሳል።

ሌሊቱና ቀኑ

ከቦሌ የሚነሱ ብዙ የውጭ በረራዎች የሌሊት ናቸው። ጣጣው እዚህ ነው። ትኬቱ ላይ ጃንዋሪ 15 ቀን 2026፣ 01:30 ተብሎ ተጽፏል እንበል። በእኛ ሐሙስ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሌሊቱ 7:30 ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ «እሺ፣ ሐሙስ ማታ እሄዳለሁ» ነው የምትለው። ሐሙስ ማታ ግን አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ አልፎታል። ቦሌ መገኘት ያለባት ረቡዕ ማታ፣ 4 ሰዓት አካባቢ ነው።

ስለዚህ ለተጓዡ የበረራውን ሰዓት አትንገሩት። ቦሌ የሚገኝበትን ንገሩት። «ረቡዕ ጥር 6፣ ማታ 4 ሰዓት ቦሌ በር ላይ» ብላችሁ በትልቁ በአማርኛ ጻፉ።

ክፍያ

ከጅማ በብር የምትከፍሉ ከሆነ የትኬት ቢሮ መሄድ ወይም ቦታ ይዛችሁ በቴሌብር ወይም በባንክ መክፈል ትችላላችሁ። ቦታ መያዝ ግን ትኬት አይደለም። ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀሉበት ኮድ ይሰጣችኋል፣ የክፍያ ሰዓት ገደብም አለው። ገደቡ ካለፈ ቦታው ለሌላ ይሄዳል። ከፍላችሁ ስትጨርሱ 13 አሃዝ ያለው የትኬት ቁጥር መምጣት አለበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። በደላላም ሆነ በዘመድ ስትገዙ ኮዱ ብቻ ተልኮላችሁ «አልቋል» ከተባላችሁ አላለቀም። ቁጥሩን ጠይቁ፣ ኮዱንና የቤተሰብ ስሙን የአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ራሳችሁ እዩ።

ውጭ ያለ ልጅ በካርዱ ለእናቱ ሲገዛ አንድ ነገር ይወቅ። አንዳንድ አየር መንገዶች የካርዱ ባለቤትና ተጓዡ ሲለያዩ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ከጉዞው በፊት ደውሎ ይጠይቅ። እናትየው ቦሌ ላይ ስለ ካርድ ብትጠየቅ ምን ትመልስ?

ስትገዙ ወይም በኋላ ደውላችሁ ዊልቸር አስመዝግቡ። ክፍያ የለውም። እግሯ ደህና ነው ብላችሁ አትተዉት። ቋንቋ ለማይችል ሰው ዊልቸር ወንበር ብቻ አይደለም፣ በማያውቀው አየር ማረፊያ ከበር እስከ በር የሚያደርስ ሰው ማለት ነው። አክስቴ መጀመሪያ «ሽባ ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሲመቻት ዝም አለች።

ክትባት

ወደ ሕንድ ወይም ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚቆጠርለት ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዴ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ይሠራል፣ ስለዚህ አሮጌውን ቢጫ ካርድ አትጣሉ። ለዑምራ የሚሄዱ ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልጋቸዋል፣ እሱም ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ።

ሻንጣው

ራሳችሁ እዩት። ጎረቤት ሁሉ «ይቺን ለልጄ» እያለ ይመጣል። ጅማ ነንና በግልጽ ልናገር፦ ጫት እንዳይገባ። ደርቆ «ሻይ ቅጠል ነው» ተብሎም ቢሆን። አሜሪካም፣ እንግሊዝም፣ ሳውዲም ክልክል ነው፤ የሚታሰረው የላከው ሳይሆን የተሸከመው ነው። ያልተፈታ ጥቅል አደራ አትቀበሉ፣ ቢያስቀይምም።

ቡናውን ቆልታችሁና ፈጭታችሁ ላኩ። ቋንጣ አሜሪካ መግቢያ ላይ ይወሰዳል። የያዘችውን ምግብ ሁሉ «ይዣለሁ» ብላ ታሳውቅ፤ ካልተናገረች ቅጣት አለው። ማርና ቅቤ በእጅ ቦርሳ ውስጥ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፍተሻውን አያልፍም። ማሩ ወደሚጫነው ሻንጣ ይግባ።

ቦሌ ላይ

ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ስንብቱን ውጭ ጨርሱት፣ ለቅሶውንም። በሩ ላይ ፓስፖርትና ትኬት ይታያል፣ ሻንጣው በማሽን ያልፋል። ቀጥሎ ቼክ ኢን፦ ሻንጣ ይመዘናል፣ ቪዛ ይታያል፣ የመሳፈሪያ ወረቀት ይሰጣል። ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ትቆይ።

ከዚያ ኢሚግሬሽን ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ነው። ጥያቄዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። «እናት፣ የት ይሄዳሉ? ማን ጋ? ለምን ያህል ጊዜ?» እኔና አክስቴ ቡና እየጠጣን ተለማመድነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ልጇ እርግዝና ከሦስተኛው ወር ጀምራ ልትተርክልኝ ነበር። አጭር እውነት ይበቃል፦ «ልጄ ጋ፣ ልጠይቃት፣ ለሦስት ወር።» የልጇን ስልክና አድራሻ፣ የመመለሻ ትኬቱንና የግብዣ ደብዳቤውን በአንድ ክላሰር አድርጉላት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

ለሥራ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ይለያል። በአዋጅ 923/2008 መሠረት ውሉ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ዘንድ መጽደቅ አለበት። ለሥራ የምትሄድን ልጅ በጉብኝት ቪዛ ትኬት ገዝታችሁ አትላኩ። ከኢሚግሬሽን ትመለሳለች። ብታልፍም እዚያ አገር ችግር ሲደርስባት የምትይዘው ውል የላትም።

ከማህተሙ በኋላ ሌላ ፍተሻ አለ። ጫማና ቀበቶ ሊያስወልቁ ይችላሉ። ነጠላ ጫማ ያመቻል። ከዚያ የመሳፈሪያ በሩን ቁጥር ጠይቆ መቀመጥ ነው። በሩ ሊቀየር ስለሚችል ወረቀቷን ለሠራተኛ አሳይታ ደግማ ትጠይቅ።

እናንተ ስልካችሁን ክፍት አድርጉ፣ እንቅልፍም አይውሰዳችሁ። አክስቴ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደወለች። «ሁሉንም አለፍኩ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿ ወረደ። ማሩን ወስደውባታል። እኔ የታሰረ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩትን፣ እንዳይሰበር ብላ ቦሌ በር ላይ አውጥታ በእጅ ቦርሳዋ ይዛው ነበር።