አሜሪካ ላረፈ ዘመድ የሞት ምስክር ወረቀት ሲጠፋ፣ ሲከለከል፣ ሲመለስ፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ አበባ ላይ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣትም ሆነ እዚያው አሜሪካ የባንክና የኢንሹራንስ ጉዳይ ለመጨረስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ወረቀት ነው። ሐዘንተኛ ቤተሰብ ወራት የሚንገላታው አብዛኛውን ጊዜ በሚከተሉት ችግሮች ነው።

«ፈለግን፤ የለም አሉን»

መጀመሪያ ቦታውን ያጣሩ። ሞት የሚመዘገበው ሰውዬው በኖሩበት ሳይሆን ባረፉበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ እናት ዋሽንግተን ዲሲ ሆስፒታል ውስጥ ካረፉ ሜሪላንድን ማስጨነቅ ከንቱ ነው፤ ወረቀቱ ያለው ልደትና ሞት መዝጋቢው ቢሮ፣ ዲሲ ቫይታል ሪከርድስ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሆስፒታሉን ወይም የሆስፒሱን (በሕይወት መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማን የሚታገዙበትን) አድራሻ ይያዙ። ቀጥሎ ሰጪው ማን እንደሆነ ይለዩ። ቴክሳስ ውስጥ የካውንቲው ክለርክም ኦስቲን ያለው የስቴቱ ቢሮም ይሰጣል። ቨርጂኒያ ግን መዝገቡን የያዘው ስቴቱ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የሚሰጡት የዲኤምቪ ቢሮዎችም ቅጂ ያወጣሉ። እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ «አሌክሳንድሪያ» የሚል የፖስታ አድራሻ ያለው ብዙ ሰፈር በእርግጥ ፌርፋክስ ካውንቲ ስለሆነ፣ ፎርሙ ላይ «ከተማ ወይም ካውንቲ» የሚለውን ሲሞሉ ካርታ ይመልከቱ።

ቦታው ልክ ሆኖ ካልተገኘ ጥፋቱ የስሙ ነው። በእኛ ሰው ላይ ከሁሉ የሚበዛውም ይኸው ነው። ላስት ኔም ለአንዱ የአባት፣ ለሌላው የአያት ስም ሆኖ ተመዝግቧል። «ኃይለ ማርያም» ተለያይቶ ከተጻፈ «ማርያም» ብቻዋን ላስት ኔም ሆና ትገኛለች። «ጸጋዬ» በቲ ኤስም በኤስም ይጀምራል፤ «ቀ» ኬም ኪውም ይሆናል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ ከነበረ የመጀመሪያው ስም ቦታ «ኤፍ ኤን ዩ» (የመጀመሪያ ስም አይታወቅም) በሚሉ ፊደላት ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። በግምት አይጻፉ። ከመንጃ ፈቃዱ፣ ከግሪን ካርዱ ወይም ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልብጡ፣ ሌሎቹን አጻጻፎች ደግሞ «ሌላ ስም» በሚለው መስመር ያስገቡ። በብዙ ስቴቶች የሚከፈለው ለፍለጋው ስለሆነ ሰነዱ ባይገኝም ገንዘቡ አይመለስም።

ቀኑንም እንዳይረሱ። ቤተሰብ የሚያስታውሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ይደመራል። ሐምሌ 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት ጁላይ 22 ቀን 2018 ነው።

«ዝምድናህን አሳይ» ተባልኩ

ኦሃዮ ውስጥ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ግን 25 ዓመት እስኪሞላ ድረስ ለቅርብ ቤተሰብና ሕጋዊ ጥቅም ላለው ብቻ ነው የሚሰጡት። ካሊፎርኒያ ዝምድናውን ላላሳየ ሰው «ለመረጃ ብቻ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ቅጂ ትሰጣለች፤ ማኅተሙን አይተው አይታለሉ፣ ባንክ አይቀበለውም። የሚፈለገው ባለመብት የሚወስደው ቅጂ ነው፤ በፖስታ ሲጠየቅ በኖተሪ የተረጋገጠ የቃለ መሐላ ወረቀት አብሮ ይላካል።

ኢትዮጵያ ሆነው የሚጠይቁ ከሆነ ቼኩ ራሱ ሊያስመልስዎት ይችላል፤ ክፍያው በአሜሪካ ባንክ የሚመነዘር መሆን አለበት። አሜሪካ ያለ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ወንድም ቢጠይቅ ይሻላል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ቀብሩን ያስፈጸመውን ድርጅት (ፊውነራል ሆም) ያኔውኑ በርካታ ቅጂ እንዲያዝ መንገር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ከስቴቱ ቢሮ የመጀመሪያው ቅጂ 20 ዶላር፣ አብሮ የታዘዘው እያንዳንዱ ተጨማሪ 3 ዶላር ነው፤ በኋላ ተመልሶ ማዘዝ ግን እንደገና ከ20 ይጀምራል።

የሞቱ ምክንያት «ፔንዲንግ» ይላል

ስህተት አይደለም፤ «ገና አልተወሰነም» ማለት ነው። ጉዳዩ የሞትን ምክንያት የሚመረምረው ሜዲካል ኤግዛማይነር ወይም ኮሮነር ዘንድ ሄዶ የላቦራቶሪ ውጤት እየተጠበቀ ነው፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ባንክ ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ይቀበላል፣ የሕይወት ኢንሹራንስ ግን ሊጠብቅ ይችላል። አሁን 2 ወይም 3 ቅጂ ወስደው ሲስተካከል ቀሪውን ይዘዙ። የስም ወይም የልደት ቀን ስህተት ከሆነ መረጃውን የሰጠው የቤተሰብ አባል በፊውነራል ሆሙ በኩል ያስተካክላል። የሞቱን ምክንያት መቀየር የሚችለው ግን የፈረመው ሐኪም ወይም መርማሪ ብቻ ነው።

ኦቢቹዋሪው የለም

ኦቢቹዋሪ (ጋዜጣ ወይም ድረ ገጽ ላይ የሚወጣ የሞት ማስታወቂያ) የመንግሥት ሰነድ አይደለም፤ ቤተሰብ ካላወጣው አይኖርም። የእኛ ሰው መርዶውን የሚያሰማው በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በእድርና በፌስቡክ ስለሆነ ጋዜጣ ላይ ባይገኝ አይደንቅም። የፊውነራል ሆሙን ድረ ገጽ ይዩ፤ ስሙ የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ አለ። የቆየ ከሆነ የካውንቲውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ ስሙንና ቀኑን ሰጥተው ካረፉበት ቀን አንሥቶ ያለውን የ2 ሳምንት ጋዜጣ እንዲፈልጉልዎት ያድርጉ። የሶሻል ሴኩሪቲ የሞት ዝርዝር ላይ መጥፋትም ማስረጃ አይሆንም፤ ያለፉት 3 ዓመታት ሟቾች ለሕዝብ አይገለጡም፣ ልጅ ለመጠየቅ መጥተው ያረፉና ቁጥሩ ያልነበራቸው ወላጅም እዚያ አይገቡም።

ለኢትዮጵያ ልከን ተመለሰ

ኢትዮጵያ የአፖስቲል (አባል አገሮች የአንዱን ሰነድ ሌላው በአንድ ማረጋገጫ ብቻ የሚቀበሉበት) ስምምነት አባል ስላልሆነች አፖስቲል የተደረገ ወረቀት ለዚህ አይሆንም። ስቴቱ ሲጠይቅ አገሩን «ኢትዮጵያ» ብለው ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ዋናው ባለማኅተም ቅጂ፣ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት፣ ዲኤስ 4194 ፎርምና ለአንድ ሰነድ 20 ዶላር ይዞ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ዋሽንግተን ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ፎቶ ኮፒ በኖተሪ ቢረጋገጥም አይተካውም፣ ላሚኔት የተደረገውም አይሠራም። የካውንቲው ፈራሚ ፊርማ ስቴቱ ዘንድ ከሌለ ስለሚመለስ፣ ለዚህ ጉዳይ ከስቴቱ ቢሮ የወጣ ቅጂ ይያዙ። በየቢሮው የሚጨመረውን ወረቀት የያዘውን ስቴፕል ደግሞ ለፎቶ ኮፒ ብለው አይንቀሉ፤ ከተነቀለ ሰነዱ ዋጋ ያጣል።